ወንበር የማይወዱት አሰልጣኝ

በአገራችን ከግብር ያመለጠ ነጋዴ ሊገኝ ይችላል፤ ከሥልጠና ያመለጠ ደመወዝተኛ ግን የለም። ከአሰልጣኝ ሁሉ ደግሞ የሚከፋው ከስፖርት ሜዳ የመጣው ነው። ታውቁታላችሁ። ድሮ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር፤ ዛሬ በቱታው ላይ ኮት ደርቦ «የቡድን መንፈስ አማካሪ» ሆኗል። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው። ሰው ተቀምጦ ካየ ያመዋል።

የእኛው ክቡር አሰልጣኝ እንዳላማው ናቸው። በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የእህል ንግድ ድርጅታችን ለአንድ ሳምንት ቀጠራቸው። አዳራሽ እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ወንበሮቹን በሙሉ ማስወጣት ሆነ። «ወንበር ገዳይ ነው» አሉ። የፋይናንስ ኃላፊው አቶ ፈንታ የራሳቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ታገሉ፤ ተሸነፉ። ቀጥሎ ኳስ መጣ። ኳሱን የያዘ ብቻ ይናገራል ተባለ፤ መጀመሪያ የደረሳቸው የመጋዘን ኃላፊ እስከ ሻይ ሰዓት አልለቀቁትም። ስለ አይጥ ነበር የሚናገሩት። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ግማሻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም፤ ክቡርነታቸው ግን «ባዶ ሆድ ቀላል ነው» እያሉ ቁጭ ብድግ ያሠሩን ነበር።

ዛሬ እንዲህ እየሳቅሁ ባወራውም ያኔ አልሳቅሁም። ድርጅቱ መዋቅር እየቀየረ ነበር። ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች አንዱ ቦታ ያጣል ተብሏል፤ ባለቤቴ የብርጓል የምትሠራው እዚያ ነው። በእኔ ደመወዝ ብቻ ልጆቻችን እንደማይማሩ ሁለታችንም እናውቃለን። ምደባውን የሚወስኑት ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። አይቆጡም፤ ግን አይረሱም። በዚያ ሳምንት እራታችንን የምንበላው ሳንነጋገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ አሰልጣኙ ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ወሰዱን። «ሩጫ ነው። እዚህ አለቃና ምንዝር የለም» አሉና ፊሽካቸውን ነፉ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ኮታቸውን እንደለበሱ ማዝገም ጀመሩ። ሠራተኛው በሙሉ ከኋላቸው አዘገመ። ሥራ አስኪያጁን ማን ይቀድማል? አቶ ፈንታ ሳያስቡት ሊያልፏቸው ሲሉ ደነገጡና ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ጫማቸው ክር አልነበረውም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አሰልጣኙ። «ሩጡ አልኩ እንጂ ቀብር ሸኙ መች አልኩ?»

«እሳቸው ይቅደሙ እንጂ» አለ ከመሃል አንዱ።

እንደገና አስጀመሩን፤ እንደገና ሸኘን። የአሰልጣኝ እንዳላማው ፊት ጠቆረ። «እንግዲያው ለቦርዱ የምጽፈውን አውቃለሁ። እዚህ ቤት ፈሪ እንጂ ሠራተኛ የለም እላለሁ» አሉ። የቀደመ ብቻውን ይጠፋል፤ ማንም ካልቀደመ ደግሞ ቦርዱ ስንት ቦታ እንደሚያጥፍ እግዜር ይወቅ። ፈራሁ።

ያኔ አሰልጣኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የብርጓል» አሉ። «ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ እንዲህ ነበር የምትሮጪው?»

ተማሪያቸው እንደነበረች ረስቼው ነበር። «ተይ፣ እንዳትሄጂ» አልኳት በሹክሹክታ። ፊሽካው ተነፋ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ሄደች። አቶ ኃይለ ሚካኤልን አለፈቻቸው። ሜዳውን ዞራ ከኋላችን መጣችና ደግማ አለፈቻቸው። አንዴ አልበቃትም።

ሥራ አስኪያጁ ቆሙ። ሁላችንም ቆምን። «ማናት እሷ?» አሉ። ስሟ ጠፍቷቸው አልነበረም።

አሰልጣኝ እንዳላማው መሃል ገቡ። «እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሩጪ ስላት ትሮጣለች። አስተማሪዋን ነው የታዘዘችው። የሚባረር ካለ እኔን ያባሩኝ።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይሂዱ» አሉ።

ሄዱ። ውላቸውን ትተው፣ ኳሶቻቸውን በጆንያ ተሸክመው፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ። እንደሚያነክሱ ያየሁት ያኔ ነው፤ እኛ ፊት ሲዘሉ ደብቀውን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም መሥሪያ ቤት ለሥልጠና አልጠራቸውም።

ምደባው በወሩ ተለጠፈ። የብርጓል ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጥፋተኛው ተገኝቶ ተባሯልና አቶ ኃይለ ሚካኤል ሌላ አላስፈለጋቸውም።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣን በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ቤት ሄድን። በር የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው።

«ቲቸር፣ ተመደብኩ» አለቻቸው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ቆዪ፣ ቆዪ። ከወገብ አይደለም። ጉልበትሽን እጠፊ፤ ጀርባሽ ቀጥ ይበል» አሉ።

በዚያ ሥልጠና እኒህን ሰው ያልረገምኩበት ሰዓት አልነበረም። ከእሷ ቀጥዬ፣ እንዳሉት ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ።