ጭረት ያልነካቸው ኮምፒውተሮች

እኛ ሰዎች አዲስ ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ የምናስበው ስለ ልብሱ ነው። ቴሌቪዥን ገዝተን ዳንቴል እናለብሳለን። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልለን ቁጥሮቹ እስኪጠፉ እንጠቀጥቀዋለን። ሶፋው ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ፕላስቲክ ሳያወልቅ ያረጃል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት እዚያ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሊነሳ ሲል ሱሪው እንዴት እንደሚያንገራግር የቀመሰው ያውቀዋል። ለመሆኑ ዕቃው ለእኛ ነው የተገዛው ወይስ እኛ ለዕቃው? ይህን የምጠይቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ኖሮ ተቆጥቼ ከኮምፒውተር ክፍሌ አስወጣችሁ ነበር፤ ያውም ጫማችሁን አውልቃችሁ ከገባችሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሃያ ኮምፒውተሮች በእርዳታ ሲያገኝ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩት እውቀቴ ታይቶ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ እንዳሉት፣ በእኔ እጅ የገባ ካርታ ተቀዶ አያውቅም። ይህን ክብር ተሸክሜ ሃያውንም አንድ በአንድ ፈርሜ ተረከብኩ። በማግስቱ ልብስ ሰፊ ጠርቼ አስለካኋቸው። ሰውዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዞር ዞር ብሎ ካያቸው በኋላ፣ ኮሌታ ይኑራቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። ኮሌታው ይቅር ተባብለን ሃያዎቹ አረንጓዴ ሸራ ለበሱ። አቧራው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ የመብራት መቆራረጡ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተማሪ የሚባለው አደጋ ነው። ቁልፉን ከኪሴ አላወጣም ነበር።

አላስተማርክም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አላስተምርም! ኪቦርዱን ከነፊደሎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በባለቀለም ጠመኔ ስዬ አስገልብጫቸዋለሁ። ማውሱንም ከነገመዱ ስያለሁ፤ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና ያምር ነበር። በወር አንድ ቀን ደግሞ ተማሪዎቼ ጫማቸውን ደጅ ያወልቁና፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገብተው ኮምፒውተሮቹን ይጎበኛሉ። በዚያ ሙቀት የአርባ ተማሪ ካልሲ በአንድ ክፍል ምን እንደሚሸት አልነግራችሁም። የክፍሉን ደንብም ደብተራቸው ላይ አጽፌያለሁ። አንደኛው ደንብ፣ ማንኛውንም ዕቃ ከተቀመጠበት ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው ይላል። “ፈጽሞ” የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ዘሀራ የምትባል የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ነርስ የመሆን ሐሳብ እንጂ ሌላ ሐሳብ የሌላት ልጅ ናት። የዚያን ዓመት ፈተናው በኮምፒውተር ነው ሲባል ሰማችና በዕረፍት ሰዓት መጣች። ቲቸር፣ አንድ ቀን ብቻ ማውሱን ልያዘው አለችኝ። እናያለን አልኳት። እናያለን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ በሳምንቱ አባቷን ይዛ ተመለሰች።

አባቷ ጋሽ ይመር የማሾ ገበሬ ናቸው። ኮፍያቸውን አስተካክለው ጉዳያቸውን አስረዱኝ። ልጂቱ ካርቶን ላይ ኪቦርድ የሚሉትን ስላ ጣቷን ስታለማምድ ትውላለች፤ ማውስ ስላጣች በልብስ ሳሙና ትለማመዳለች፤ እናቷ ልብስ ልታጥብ ስትነሳ ሳሙናውን የምትፈልገው ከደብተሯ መሃል ነው። ወላሂ መምህር፣ ለአላህ ብለው እውነተኛውን አንዴ ያስነኳት አሉኝ። ቢበላሽ ማን ይጠየቃል አልኳቸው። እኔ አለሁ አይደል፣ እኔን ይያዙኝ አሉ። ሳቅሁና ሐሙስ ትምጣ አልኳቸው። ሐሙስ መብራት ጠፋ፤ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በቀጣዩ ሐሙስ ስብሰባ ነበረብኝ። ከዚያ ፈተናው ደረሰ።

ተፈትና ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና እንዴት ነበር አልኳት። አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት ግን እዚያ አትደርስላትም። ማውሱን ወደ ቀኝ ስትገፋ፣ ስትገፋ ጠረጴዛው ያልቃል፤ ቀስቷ ገና መሃል ላይ ናት። ታዲያ ማውሱን ብድግ አድርገሽ ወደ መሃል አትመልሺውም ነበር አልኳት፣ እንደ ትልቅ አዋቂ። ቀና ብላ አየችኝና፣ ቲቸር፣ ማንሳት ክልክል ነው ብለው አጽፈውን የለም እንዴ አለችኝ። ፈታኙን ለመጠየቅ ፈራች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ስታነሳ አይታ እሷም ያነሳችው የሂሳቡ ፈተና ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው።

ደንቡ የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው ልበላት? በቀጥታ ሄጄ ክፍሉን ከፈትኩና የሃያውንም ልብስ አወለቅኩ። ሳበራቸው ሰባቱ ብቻ ተነሱ። የቀሩት በሙቀት ታፍነው ይሁን በመቀመጥ ብዛት እንጃ፤ ጭረት የለባቸውም፣ ነፍስም የለባቸውም። ሰባቱን ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪ ያሻውን ያደርጋቸዋል። ለዘሀራ ግን ምን ይፈይድላታል? ውጤት ሲመጣ ማለፊያው ለጥቂት አመለጣት። ያ ጥቂት የእኔ ነው፤ ዛሬም ያመኛል።

በዚሁ መሃል የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጥቶ ነበር። ሃያ ተመዝግቧል፣ ሃያ ተገኘ፤ ላያቸው ያብረቀርቃል። ይበራሉ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፤ ይኸው ለእናንተ መናገሬ ነው። ትምህርት ሲከፈት ርዕሰ መምህሩ፣ ሰባቱ በተማሪ እጅ መግባታቸውን ሳይሰሙ፣ የቆጠራውን ሪፖርት ብቻ አይተው ጠሩኝና፣ የምስክር ወረቀት ልሸለም መሆኑን አበሰሩኝ። ረቂቁን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝና፣ የእኛዎቹን ኮምፒውተሮች አናስቸግራቸው፣ መሃል ከተማ ወስደህ አስጽፈው አሉኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ገባሁ። ኪቦርዱ ላይ አንድም የሚታይ ፊደል የለም፤ በጣት ብዛት ተፍቆ አልቋል። የምትጽፈው ልጅ ዞር ስትል ዘሀራ ናት። ሥራውን በሁለት ሳምንት ነው የለመደችው አለችኝ የቤቱ ባለቤት፣ በኩራት። ወረቀቱን ልደብቀው ፈለግኩ፤ ዘሀራ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ከማንኛውም ንክኪ በመጠበቅ ላሳዩት ከፍተኛ ታማኝነት የሚለውን፣ ጣቶቿን ሳታይ ስትጽፈው ቆሜ ተመለከትኩ። አትማ በሁለት እጇ ሰጠችኝና፣ እንኳን ደስ አለዎት ቲቸር አለችኝ።

እያሾፈችብኝ እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁት። ከልቧ ነው።