ዐም ሐይደርና የሸሸው ስብራት

በየሰፈሩ ብሎን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሚስቱን ያምናል፣ ጎረቤቱን ያምናል፣ የሬዲዮ ወሬ ሳይቀር ያምናል። ብሎን ግን አያምንም። ወንበር ስታቀርቡለት ከመቀመጡ በፊት ይነቀንቀዋል። የካርቱሟ ሰፈራችን አርካዊት ይህን ማዕረግ የሰጠችው ለአከራዬ ነው፤ አጎት ለማለት ዐም ለምንላቸው ለክቡር ዐም ሐይደር፣ የብሎኖች ሁሉ ቃዲ።

እናታቸው የወሎ፣ አባታቸው የኦምዱርማን ሰው ነበሩ። አማርኛውን ከእናታቸው፣ መዶሻውን ከአባታቸው ወረሱ። ልጄ ዛኪር ሲወለድ የብረት አልጋ ሠሩለት። ማሻአላህ፣ እኔ፣ ባሌና አንድ በሬ ብንተኛበት ንቅንቅ አይልም። ሥሩን ልጥረግ ስል ግን አራት ጎረቤት እጠራለሁ።

ግቢያችን ውስጥ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር፣ አንዲት ቀይ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። የራሷ ሞተር ሲሞትባት፣ ዐም ሐይደር ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር አመጡላት። ሌላ ሰው ቢሆን ገጥሞ ይነዳ ነበር። እሳቸው ግን "ከፊት ጉልበት የሚጨምር፣ መጀመሪያ ከኋላ ወገብ ይስጥ" አሉና በክሪክ አንስተው ሰቀሏት።

የኋላ ጎማ የሚያዞሩትን ዘንጎች በወፍራም ቀየሩ። ዘንጎቹ ሲጠነክሩ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል አሳሰባቸው። እሱን ከነአክስሉ ከዚያው ፒክአፕ አውጥተው ሲገጥሙ፣ የሚሸከመው ሻንሲ ሳሳባቸው። ሻንሲውን በላሜራ እያለበሱ ሁለት ረመዳን አለፈ። መቼ ያልቃል ብዬ ስጠይቅ፣ የዛኪር እናት ለማለት ኡም ዛኪር እያሉ፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ያ ኡም ዛኪር፣ አንዱን ስታጠነክሪ ስብራቱ ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል።" ሚስታቸው መጅዳ ደግሞ፣ ይሄ ስብራት ከኔ የበለጠ አገር አየ ትላለች።

የኔ ጉዳይ የራኩባው ጥላ ነበር። ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር በየቪላው የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚጠብቁላቸው አሮጊት ከዒድ በኋላ ወሎ ሊገቡ ነው። ስድስት ልጆች። እናቶቹ ወይ ሥራ መተው፣ ወይ ልጅን ክፍል ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነበር የቀራቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ፊደሉንም ጨዋታውንም አላጣውም፤ ያጣሁት ስድስት ሕፃን የሚያስጠልል ቦታ ነው። ዐም ሐይደር መኪናዋ ስትወጣ ራኩባው ያንቺ ነው፣ እሑድ፣ የሥራ ሳምንት ሲጀመር፣ ልጆቹ ይምጡ አሉኝ። እኔም የሳቸውን ቃል ይዤ ለስድስት እናቶች ቃል ሰጠሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሞተሩ ተነሳ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መጅዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ዐም ሐይደር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ መሪውን እንደ ሙሽራ እጅ ይዘው ወደ ግቢው በር ነዱ። አፍንጫዋ ወጣ፣ በሮቿ ወጡ፣ ከዚያ ቅርቅር። ለካ የፒክአፑ አክስል ከራሷ ይሰፋል፤ የኋላ ጎማዎቿ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ውጪ ተርፈዋል። ብሎን ሁሉ የለኩት ሰው በሩን አልለኩም።

ምክር ዘነበ። ጎማዋ ወልቆ በትከሻ ትውጣ ያሉትን ክብደቷ መለሳቸው፤ ያ ሁሉ ላሜራ ቀልድ አይደለም። አክስሉ ተቆርጦ ይጠር ያሉም ነበሩ፤ እሱ ደግሞ አንድ ወር ነው፣ ተቆርጦ የተበየደን ነገር ደግሞ ዐም ሐይደር አያምኑትም። የቀረው በሩን ያቀፈውን ግንብ ማፍረስ ነው። ግንቡን ደግሞ አባታቸው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ ዐም ሐይደር ለልብስ ገመድ ሚስማር እንኳ አስመትተውኝ አያውቁም።

ስልኬን አወጣሁ። ከእናቶቹ አንዷን፣ ሉጥፊያን፣ ልጅሽን እንዳታመጪ ልላት ነበር። እንዴት እንደምላት እያሰብኩ ቆሜ ዐም ሐይደር አዩኝ። ከመኪናዋ ወርደው መጡና ግንቡን እንደ ወንበር በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

"ስልኩን መልሺ፣ ያ ኡም ዛኪር፣" አሉ ቀስ ብለው። "ስብራቱ እዚህ ኖሯል የተደበቀው።"

መጅዳ ትልቁን መዶሻ አቀበለቻቸው። የመጀመሪያውን ሲመቱ ቢስሚላህ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደኛ አላዞሩም።

እሑድ ጠዋት፣ መኪናዋ በወጣችበት፣ ስድስቱ ልጆች በር በሌለው በር ገቡ። አዲሱ በር ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ማጠፊያው አሳስቧቸዋል። እስከዚያው ከመኪናዋ በወጡት በድሮዎቹ ዘንጎች ዥዋዥዌ ሠርተውልናል። ልጅ ከመንካቱ በፊት ሁለት ከረጢት ስሚንቶ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦበት ተወዛወዘ። ልጆቹ ተሰልፈው ስሚንቶው እስኪወርድ ጠበቁ።

ስሚንቶው በወረደ ማግስት ሉጥፊያ ልጇን ልታስረክበኝ መጥታ ዥዋዥዌውን በጥርጣሬ አየችው። ይችላት ይሆን አለችኝ። በሳቅ ልመልስላት ነበር፤ እጄ ግን ቀደመኝ። ዘንጉን ይዤ ሁለቴ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ።

"ዥዋዥዌውስ ይችላል፣" አልኳት። "ቆይ፣ መሬቱን ልይልሽ።"