ጋሽ ቀጥበል ጨረቃ ሆነው የዞሩበት ዜና

ሊፍቱ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ደረጃ፣ የፎቶኮፒው ማሽን ዳግመኛ በነገሠ በአራተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ዐቃቤ ኆኅት፣ ባለ ሠላሳ ቁልፍ፣ ሌባና ድመት የሚፈሯቸው የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ጋሽ ቀጥበል ጨረቃ ሆኑ። የሆኑትም ወደው አይደለም፤ የእህታቸው ልጅ፣ የሳይንስ መምህርቷ፣ ለምናቸው ነው።

መምህርቷ ሰባት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አዳራሽ ሳይንስን በዜማና በትርኢት ለሕዝብ ስታስተምር ኖራ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ አጥተው ይህን አዋጅ በበሩ ለጠፉ፦ «ከትርኢቱ በኋላ ከተመልካች አንዱን እጠይቃለሁ። ያልገባው እንደሆነ አዳራሹ መጋዘን ይሁን።» መምህርቷም አንብባ አለቀሰች፤ እኛም አዘንን።

የዕለቱ ትምህርት ጨረቃ እየዞረች ስለምን አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች የሚል ነበረ። ስለዚህ ሕዝቡ ምድር ሆኖ በመሀል ሊቀመጥ፣ ጋሽ ቀጥበልም ከበሮው ሃያ ሰባት ጊዜ ሲመታ፣ ምቱ ሁሉ አንድ ቀን ሆኖ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው አንድ ጊዜ ሊዞሩ ተወሰነ። ዳሩ ግን ሠላሳ ዓመት በር የጠበቀ ሰው ወደ ውጭ ማየት ለምዷልና፣ በልምምዱ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ዞሩ። አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ።

ወእምዝ ሰዓቱ ደረሰ። መወልወያ የያዙ ሁለት ጽዳት ሠራተኞች መንገድ እየጠረጉ፣ ሾፌሩ ከበሮውን፣ የፋይል ክፍል ሹሟም አኮርዲዮኗን አንግተው ጋሽ ቀጥበልን አጅበው ገቡ፤ አጃቢዎቹም ከሕዝቡ ጋር በመሀል ተቀመጡ። ጋሽ ቀጥበል ግድግዳውን ተደግፈው እጅ ሊነሡ ጎንበስ ቢሉ፣ ያ ዘመን የጠገበ የደንብ ልብስ ሱሪያቸው ከመቀመጫው ላይ ተተረተረ። ይህን ያወቁ እርሳቸውና ግድግዳው ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በምን ቃል እንጻፈው። ግድግዳውን ታከው፣ በጎን በጎን እየተራመዱ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ዓይናቸውን ከሕዝቡ ሳይነቅሉ ዞሩ። ሾፌሩም ዜማው ጥሞት መቁጠሩን ረሳና ጨረቃ ዘጠኝ ወር ሙሉ ዞረች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጀርባ አልታየም።

ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ጨረቃ በራሷ ዙሪያ ትዞር እንደሆነ ከተመልካቹ መሀል ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅን ጠየቁ። አዋላጇም ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ትዞራለች። ሰውዬው መጀመሪያ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነበር፣ ቀጥሎ ወደ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ። ባይዞሩማ ኖሮ ጀርባቸውን እናየው ነበር። ለእኛ ያላሳዩን ግን የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አዋጃቸውን በገዛ እጃቸው ከበሩ ላይ ገነጠሉ። መምህርቷ ልታቅፋቸው ብትሮጥ፣ ጨረቃው ከግድግዳው ሳይላቀቁ ተቀበሏት፤ የመጨረሻው ተመልካች እስኪወጣም ከዚያው አልተነቃነቁም።

ስለዚህ ክብር ለጋሽ ቀጥበል ይሁን፣ አዳራሹን በሱሪያቸው ለታደጉት፣ ሳይማሩ ላስተማሩት። ከእርሳቸውም ይልቅ ክብር ለባለቤታቸው ይሁን፤ ከሰው ወገን የጨረቃን ጀርባ በቅርብ አይተው፣ መርፌና ክር ይዘው የሰፉት እርሳቸው ብቻ ናቸውና።