የቀበሌያችን የጎማ ዛፍ

ምላስ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሰው በሰላም ባረጀ! «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶች። በደርግ ዘመን ግን ከአፍ የወጣ ነገር አፋፍ ላይ አይቆምም፤ ቀበሌ ይደርሳል።

ያኔ አንድ የዕፅዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳት ነበርኩ፤ የምኖረው ኮልፌ ነው። የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ የጎማ ዛፍ ነበረው፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ወፋፍራም ቅጠሎቹን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል። አንድ እሑድ የውይይት ክበብ ላይ እንቅልፍ መጣብኝ። ያንቀላፋ ሰው ስሙ ይያዛልና እጄን አወጣሁ።

«ከበሰለ ሙዝ የሚወጣ ዓይነት ጋዝ አለ» አልኩ። «ይህን ጋዝ የሚሰጥ መድኃኒት የጎማ ዛፍ ግንድ ላይ ሲቀባ የተኙ ዘረ መሎች ይነቃሉ፤ ዛፉ ስኳሩን የላስቲክ ወተት ወደ መሥራት ያዞራል፤ ቁስሉም ቶሎ አይደፈንም።»

ተጨበጨበልኝ። ወዮልኝ!

«እንግዲያው ጓድ፣ ሐሙስ ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ» አሉ ሊቀመንበሩ። «የኛ ዛፍ ሲያመርት ይዩ።»

መድኃኒቱን ከላቦራቶሪ አምጥቼ ቀባሁ፤ እንዳያንስ ብዬም አበዛሁት። ማክሰኞ ግንዱን ጫር ሳደርገው ወተቱ ወረደ። ያው መድኃኒት ቅጠል እንደሚያረግፍ ግን ክበቡ ላይ አልተናገርኩም ነበር። ረቡዕ ቅጠሉ ይወድቅ ጀመር፤ ዛፉን ልከታተል ነው እያልኩ ጽሕፈት ቤቱ እየገባሁ የረገፈውን ቅጠል ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። የሰፈራችን ባለ ወፍጮ፣ የሞተሩ ማዞሪያ ቺንጋ ቢበጠስባቸው «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብለው ከተወሰዱ ወር አልፏቸዋል። ፈራሁ። ብታሰር ባለቤቴ ስንቅ የምታመላልስበትን ሳህን ሳይቀር መርጬ አስቀመጥኩላት።

ሐሙስ እንግዶቹ ሲገቡ ዛፉ ራቁቱን ቆሟል።

«ቅጠሉስ?» አሉ የከፍተኛው ሊቀመንበር።

ጓድ ታደሰ በመወልወያ ጨርቃቸው ባዶውን ግንድ ሲወለውሉ አየሁ። ለካ እሳቸውም ይፈራሉ!

«ጓድ፣ ቅጠል ጌጥ ነው» አሉ። «ይህ ዛፍ ጌጡን ጥሎ ወደ ምርት ገብቷል።»

እንግዳው ዛፉን አንዴ ዞረው አዩት። አለማወቅም ያስጠረጥራልና ቀስ ብለው አጨበጨቡ፤ እኛም ተከተልን። በከፍተኛው ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ ይህን አርአያ እንዲከተሉ ተወሰነ።

ዳንኩ። «ተመስገን» ልል ብዬ ዘመኑ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። ቤቴ ስደርስ ግን ደጄ ላይ ያለችው የራሴ የጎማ ዛፍ ለምልማ ጠበቀችኝ። የግቢውን በር ዘግቼ ቅጠሏን እሸመጥጥ ጀመር።

«ምን ነካህ?» አለች ባለቤቴ።

«ዝም ብለሽ በዚያ በኩል ያለውን አንሺ» አልኳት። «የኛ ብቻ ለምልማ ትታይ?»