ሽቦ ተለጥፎባቸው «ኖር!» የሚሉ ሰው

ለመሆኑ ጨዋ ሰው ሰው ሲገባ ተኝቶ ይጠብቃል? የዓባይ ማዶው አጎቴ አያ አንዳርጌ እንኳን አያደርጉትም። ደረታቸውን ቢወጋቸው ክሊኒክ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ሽቦ ለጣጠፈባቸውና፣ «የልብዎ ደም ሥር ጠብቦ ይሁን ጭራሹን ተዘግቶ የምንለየው በዚህ ነው፤ እንዳይንቀሳቀሱ» አላቸው።

ነርሷ ስትገባ «ኖር!» ብለው ተነሡ። የልብ ምታቸው የሚታተምበት ወረቀት ነፋስ የመታው ጣና መስሎ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ገባች፤ አሁንም ተነሡ! ሐኪሙ በሩን ቆልፎ በስንት መከራ አነበበው፤ ደም ሥሩ ተዘግቷል።

«ቶሎ ወደ ሆስፒታል!»

በሩ ላይ፣ «ይቅደሙ፣ ዶክተር» አሉ።

«አይደረግም አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

ለካ ሐኪሙም የዓባይ ማዶ፣ የመራዊ ልጅ ኖሯል! ሁለቱንም ገፍትሬ አስወጣኋቸው።

ይኸው አያ አንዳርጌ ድነዋል። እስከ ዛሬ የሚያዝኑት ግን በልባቸው አይደለም፤ በእኔ አስተዳደግ ነው።