ድልድዩን ማን ጻፈው?

ሕልም የሌሊት ነው ያለው ማን ነው? መምህር ይትባረክ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳውን በልቶ ቢሮው ወንበር ላይ ሸለብ ቢያደርገው ጉድ የሚያሰኝ ሕልም አየ።

መምህሩ የተማሪዎች አማካሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በየትምህርት ክፍሉ አንድ የጽሑፍ ኮርስ ያላለፈ አይመረቅም የሚል ደንብ አለው። መሐንዲሱ ሪፖርት፣ ነርሷ የበሽተኛ ታሪክ፣ የሕግ ተማሪው አቤቱታ መጻፍ መቻል አለባቸው። ጠዋት ናርዶስ የምትባል የምሕንድስና ተማሪ ኮርሱ ከሚሰጥባቸው ሁለት ክፍሎች የትኛው እንደምትገባ ልታማክረው መጥታ ነበር። መምህርት እታፈራሁ ዘንድ ተማሪ በየሳምንቱ ብቻውን ይጽፋል፤ ወረቀቱም በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመለስለታል። ሌላኛው ክፍል ግን የግሩፕ ሥራ ነው። አንዱ ምስኪን ይጽፋል፣ የቀሩት ሽፋኑ ላይ ስማቸውን ያሰፍራሉ፣ ሁሉም ያልፋሉ።

«እኔስ መምህርት እታፈራሁ ጋ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ናርዶስ። «መጻፍ አልችልም፣ መምህር። ሳልችል መመረቅ ደግሞ ያስፈራኛል።»

«ምን አስጨነቀሽ የኔ ልጅ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ድልድይ በሲሚንቶ ነው የሚቆመው፣ በድርሰት አይደለም። ግሩፕ ግቢና ተገላገዪ።»

ልጅቷን ቅር አላት። አስባበት ከምሳ በኋላ እንድትመለስ ተስማሙ። እሷ ልታስብ ሄደች፣ እሱ ምሳውን በልቶ ተኛ።

በሕልሙ ሰልፍ ይዞ ቆሟል። ሰልፉ የገዛ ቢሮው በር ላይ ነው፤ የተሰለፉትም መምህራን ናቸው። ዲኑ ከፊት ሆኖ፣ የልጅ ቦርሳ አንግቶ፣ ጥፍሩን ይበላል። ተራው ደርሶ ይትባረክ ሲገባ ወንበሩ ላይ ናርዶስ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች።

«አንተስ ምን ፈልገህ ነው?»

«እርስዎን ምክር ልጠይቅ ብዬ ነው» አለ። ጠዋት አንቺ ሲላት የነበረውን ልጅ!

«ጽፈህ ታውቃለህ?»

«ፀጉሬ እስኪሸብት አስተምሬያለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። በል፣ አንድ ገጽ ብቻህን ጻፍ። ሳትጽፍ ከግቢው አትወጣም።»

ይትባረክ ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጭ ሲል ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ በሽተኞቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ይዘዋወራሉ። አንዲት ሴትዮ አንዱን ሐኪም የት የት እንደሚያመው ጻፍ አሉት። ጻፈ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አዙረው አዙረው አዩት።

«ይሄ ምን የሚል ነው ልጄ?»

«እኔም ጽሑፌን አላውቀውም፣ እማማ።»

«እግር ይመስላል። እግሩን ቁረጡት!»

ሰውዬው ያመመው ጥርሱን ነበር። ይትባረክ በድንጋጤ ከዚህ በፊት የሚያውቀውን አንድ ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጦ ሬጅስትራሩ መስኮት ጋ ሮጠ። መስኮቱ ውስጥ መነጽር ያደረገች አህያ ነበረች። ወረቀቱን አሸተተችው።

«ይሄንን ተሸክሜዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«አምናም፣ ታች አምናም። ጀርባዬ ያውቀዋል። ሌላ አምጣ።»

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! አህያ ታዋርደኝ ብሎ ሲናደድ፣ ሰልፍ ላይ የነበሩት መምህራን ዲኑን ከፊት አስቀድመው «ግሩፕ እንሁን!» እያሉ ከበቡት። አዲስ ወረቀት ነጥቀው ስማቸውን ጻፉ። ዘበኞቹ ጨመሩበት፣ የዲኑ አማች ጨመረበት። ገጹ ከፊትም ከኋላም በስም ሞላና ለጽሑፉ የሚሆን ቦታ ጠፋ። ግን ማን ግድ ሰጥቶት! እየዘፈኑ ይትባረክን ተሸክመው ወንዝ ዳር አደረሱት።

ወንዙ ዳር አንድ ድልድይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ማዶ ናርዶስ ቆማለች። ቅድም ቢሮ ውስጥ ያየው ኩራቷ የለም፤ ወደ ቤቷ መሻገር የምትፈልግ ልጅ ብቻ ናት።

«እኔን የጻፈኝ ማን ነው?» አለ ድልድዩ።

«እኛ!» ሁሉም እጁን አወጣ።

«መሃለኛው ምሰሶዬ ምን ያህል ይሸከማል?»

እጆች ሁሉ ወረዱ። ዲኑ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«ይሁን» አለ ድልድዩ በሐዘን። «ቁም ካላችሁኝ እቆማለሁ። እንዴት እንደምቆም ግን አልነገራችሁኝም።» ተነሳ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ናርዶስ እግሯን አነሳችና ረገጠችው።

ይትባረክ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። «ቆዪ! ልጻፈው!» ብሎ ጮኸ፤ ግን የት ላይ ይጻፈው? ወረቀቱ ስም ብቻ ነው። የራሱን ስም ፈልጎ ሰረዘና በጠበበው ቦታ ላይ «ይህ ድልድይ ምን እንደሚሸከም አናውቅም፤ ማንም አይሻገርበት» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብሎም አነበበው።

«እፎይ!» አለ ድልድዩ። «እውነቱን የጻፈልኝ አንድ ሰው ተገኘ።» ልጅቷን ቀስ አድርጎ ዳር ላይ አወረዳትና ተመልሶ ተቀመጠ። ይትባረክ አለቀሰ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ግን የራሱ ናት፣ ሰውም አትርፋለች። መጻፍ እንዲህ ከሆነ ልጆቹን ስመክር የኖርኩት ምንድን ነው ብሎ ገረመው።

በሩ ተንኳኳ። ዓይኑን ገለጠ። ናርዶስ ናት፣ ደህናዋ ናርዶስ፣ የምዝገባ ወረቀቷን ይዛ።

«ግቢ፣ ግቢ! መምህርት እታፈራሁ ጋ ተመዝገቢ!» አለ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ብቻሽን ጻፊ። ጠዋት ያልኩሽን እርሺው!»

«ክፍሉ ተሰረዘ እኮ፣ መምህር። የሚበቃ ተማሪ ስላልተመዘገበ አይከፈትም ተባለ።»

«እንዴት? ከአንቺ ሌላ ፈላጊ ጠፋ?»

«ኧረ ሞልቶ!» አለች ወደ ኮሪደሩ ዞር ብላ። በሩ ላይ ረጅም የተማሪዎች ሰልፍ ነበር። «ውጭ ቆመን ስናወራ ነው የተዋወቅነው። ሁላችንም እዚያ መግባት ፈልገን ነበር ጠዋት እርስዎ ጋ የመጣነው። አንድ በአንድ እየጠሩ ግሩፕ ግቡ አሉን።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። የአማካሪ ፊርማ ብቻ የቀረውን የግሩፕ ክፍል ምዝገባ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። መምህር ይትባረክ አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ ሰልፉን አየ፣ ከዚያም ብዕሩን አነሳ።

«የት ጋ ልፈርምልሽ?» አላት።