ሰው የሚጎትት አግዳሚ

(ድሬዳዋ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ። ግቢውን የነደፈው አርክቴክት ዘርዓብሩክና የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዋ ኹርሲ በባዶ አግዳሚ ወንበሮች መካከል ቆመው ይከራከራሉ።)

ዘርዓብሩክ፦ አግዳሚዎቹን ፊት ለፊት ያደረግኳቸው በጥናት ነው። ዓይን ለዓይን የተያየ ሰው ሳይወድ በግዱ ያወራል።

ኹርሲ፦ እኔና ዒጋል ከተጋባን ጀምሮ ፊት ለፊት ነው ምሳ የምንበላው። ታዲያ ለምን አያወራም?

ዘርዓብሩክ፦ ባልሽን ተይው። እኔ የማወራው ስለ ጎረቤት ነው።

ኹርሲ፦ ጎረቤቶቹስ የታሉ?

ዘርዓብሩክ፦ ይመጣሉ። ጥላው አለ፣ አበባው አለ፣ ነፋሱ በዚህ ይገባል። ተፈጥሮ ራሷ ትጎትታቸዋለች።

ኹርሲ፦ ድሮ ማንም ሳይጎትተን እንመጣ ነበር አቦ። ያ ጥግ ያለው ቧንቧ ጋ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ ስንቱን አወራን። ጎረቤቴ ኢክራን እንኳ ባሏን ያገኘችው ሰልፉ ላይ ነው።

ዘርዓብሩክ፦ እሱ ሰልፍ ነው፣ ማኅበራዊ ኑሮ አይደለም። ይኸው ውሃው በየቤታችሁ ገባ፣ ተገላገላችሁ።

ኹርሲ፦ ተገላገልን። ኢክራን ወልዳለች አሉ። ፎቃችን አንድ ነው፣ ልጇን ግን አላየሁትም።

ዘርዓብሩክ፦ (ሰዓቱን እያየ) ኹርሲ፣ ተቆጣጣሪው አሁን ይደርሳል። ሰው የማይቀመጥበት ከሆነ አግዳሚዎቹን ነቅሎ መኪና ማቆሚያ ያደርገዋል።

ኹርሲ፦ እኔና አንተ ብንቀመጥስ?

ዘርዓብሩክ፦ ሁለት ሰው ማኅበረሰብ አይባልም፣ እህቴ። አይገባሽም።

ኹርሲ፦ አይገባኝም። እንግዲህ ጓሮ ደርሼ ልምጣ። አንተ ተፈጥሮን ጠብቃት።

(ትሄዳለች። ጥቂት ቆይቶ በየፎቁ በር ይከፈታል። እንደ ደረቅ ወንዝ ጭር ብሎ የዋለው ደረጃ ድንገት በሰው ይሞላል። ሽርጥ እንዳገለደሙ፣ ነጠላ ጫማ እያንኳኩ ይወርዳሉ። የጥጉ ቧንቧ ውሃ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ተራ ጠባቂው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። የኢክራን ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ተቆጣጣሪው ከበር ላይ አይቶ፣ ራሱን በአድናቆት ነቅንቆ ይመለሳል። ኹርሲ ስትመጣ ዘርዓብሩክ ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም።)

ዘርዓብሩክ፦ አየሽ? ንድፍ ማለት ይሄ ነው።

ኹርሲ፦ አየሁ ወላሂ። እኔማ ምን አውቃለሁ።

ዘርዓብሩክ፦ ግን ሁሉም ባዶ ጀሪካን የያዘው ለምንድን ነው?

ኹርሲ፦ ተፈጥሮ ናታ።

(ዒጋል ጭንቅላቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርዳል።)

ዒጋል፦ አንቺ ኹርሲ፣ ውሃውን ማነው የዘጋው? እንደዚህ ሆኜ ምን ልሁን? ሰው አይደለሁም? ንገሪኝ እንጂ፣ ለምን ዝም ትያለሽ?

ኹርሲ፦ (ወደ ቤቶቹ የሚገባውን ውሃ የሚዘጋውን የጓሮ መዝጊያ እጀታ ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ዘርዓብሩክ እጅ ላይ እያስቀመጠች) ትንሽ ቆይተህ ክፈተው፣ ወንድሜ። ገና አሁን ማውራት ጀመረ።